መሐላው ጠረጴዛው ላይ ይሁን፦ መነሻ ክላስን ወደ ከፍተኛ ክላስ የመቀየር አሠራር

አዲስ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ጠረጴዛ ዙሪያ ታሪክ የሚጫወትበት) ሊጀመር ነው። አንዱ ተጫዋች የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ፓላዲን ነው። አምላኩ የመረጠው፣ መሐላ የፈጸመ፣ ክፉን ከሩቅ የሚለይ ቅዱስ ተዋጊ። ሌቭሉ (የእድገት ደረጃው) ግን 1 ነው። የመጀመሪያውን ምሽት ምድር ቤት ውስጥ አይጥ ሲያባርር ያመሻል። አይጦቹ ተባብረው ሊገድሉት ትንሽ ይቀራቸዋል።

"ቆይ፣ መሐላውን መቼ ነው የማልከው?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው። "የኋላ ታሪኬ ላይ ጽፌዋለሁ።"

የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። የዚህ ሰው ትልቁ ቀን ማንም ሳያየው አልፏል። ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጥነው ውስጥ አንዳችንም እዚያ አልነበርንም። ፓላዲንን ከመነሻ ክላስነት (ገጸ ባሕርይ ከ1ኛ ሌቭል ጀምሮ ከሚይዘው የሙያ ዓይነት) አንስተን በኋላ የሚደረስበት ከፍተኛ ክላስ ብናደርገው ግን ያ ቀን በጨዋታው መሃል ይመጣል፤ ሁላችንም እናየዋለን። ይህ መመሪያ ያንን እንዴት እንደምትሠሩት ነው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያህል ዕድሜ ሊኖረው ምንም አልቀረው። በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ባርድ (አስማተኛ ዘፋኝ) ለመሆን መጀመሪያ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሌባ መሆን ነበረባችሁ፤ ከዚያ ነበር በድሩይዶች (በተፈጥሮ ካህናት) ዘንድ ባርድነቱ የሚጀመረው። በ1984 የወጣው የኮምፓኒየን ስብስብ ደግሞ 9ኛ ሌቭል የደረሰ ተዋጊ ለአንድ ቤተ እምነት ቃል ገብቶ ፓላዲን እንዲሆን ፈቀደ። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲመጣ ነገሩ "ፕረስቲጅ ክላስ" (ቅድመ ሁኔታ ተሟልቶ የሚገባበት ክላስ) የሚል ስም አገኘ። በ2004 ደግሞ አንድ የአማራጭ ሕጎች መጽሐፍ ፓላዲንን፣ ሬንጀርን (የዱር አዳኙን) እና ባርድን በዚሁ መንገድ አስቀመጣቸው። እኔ ቁጥሮቹን የምሠራው በ2003ቱ 3.5 እትም ነው። የቅድመ ሁኔታ ሥርዓቱ ከሌሎቹ ይልቅ ለስሌት ይመቻል። ሌላ እትም የምትጫወቱም አትሂዱ፤ መጨረሻ ላይ እመጣላችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ የሚቆየውንና የሚነሳውን ለዩ

የ3.5 መጽሐፍ 11 መነሻ ክላሶች አሉት። ሁሉንም ለማንሳት አትሞክሩ። እኔ ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሰውዬው ይህን ለመሆን አንድ ነገር ማድረግ ወይም በአንድ ነገር ውስጥ ማለፍ አለበት? ሁለተኛ፣ እዚያ እስኪደርስ ድረስ የሚሸከመው ሌላ ክላስ አለ?

ፋይተር (ተዋጊው)፣ ሮግ (ሌባው)፣ ክለሪክ (ካህኑ) እና ዊዛርድ (አስማትን በትምህርት ያገኘው) ይቆያሉ። መንገዶቹ እነሱ ናቸው፤ መንገድ ከሌለ የሚደረስበት ቦታም የለም።

ፓላዲን ሁለቱንም ጥያቄ በቀላሉ ያልፋል። ሬንጀርም፣ ባርድም እንዲሁ። ሶርሰረር ግን ተቃራኒው ነው። አስማቱ በደሙ ውስጥ አብሮት የተወለደ ነው፤ በ6ኛ ሌቭል "ተወለድኩ" ማለት አይቻልም። ይቆይ። ባርባሪያንንም እተወዋለሁ። መለያው ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ማንም የማያስተምረው ነገር ነው፤ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሊቆጣ ይችላል።

መንክ (በባዶ እጁ የሚዋጋው መነኩሴ) ያከራክራል። የሕይወት ዘመን ሥልጠና ነውና በሐሳብ ደረጃ ለከፍተኛ ክላስ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በባዶ እጁ መዋጋት የሚፈልግን ተጫዋች እስከ 6ኛ ሌቭል የሚሸከም ክላስ የለም። ያለ ትጥቅ የመዋጋት ልዩ ችሎታ ወስዶ ፋይተር ቢሆን እንኳ ቡጢው የሚያደርሰው ጉዳት ባለ 3 ዳይስ (ከ1 እስከ 3 የሚሰጥ) ብቻ ነው። ጓደኛው በታላቅ ሰይፍ ሁለት ባለ 6 ዳይስ እየጣለ እሱ አምስት ሌቭል በዚያ ይቆይ ማለት ቅጣት ነው። ስለዚህ መንክንም አልነካውም።

ድሩይድ ይቻላል፤ ያው የ1984ቱ ስብስብ 9ኛ ሌቭል ከደረሰ ክለሪክ አውጥቶታል። ሥራው ግን ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራችሁ አትምረጡት።

ደረጃ 2፦ ክላሱን በትኑት

አንድ ወረቀት ውሰዱና ክላሱ የሚሰጠውን ሁሉ ዘርዝሩ። ፓላዲንን እንውሰድ። ለሕይወት ነጥቡ (ከመውደቁ በፊት ለሚችለው ጉዳት) ባለ 10 ዳይስ ይጥላል። የጥቃት ቦነሱ (ሲመታ ዳይሱ ላይ የሚደመረው ቁጥር) ከሌቭሉ ጋር እኩል ያድጋል። በ1ኛ ሌቭል ክፉን መለየትና ክፉን መምታት፤ በ2ኛ መለኮታዊ ጸጋና እጅ መጫን፤ በ3ኛ ድፍረትና ከበሽታ ነጻ መሆን፤ በ4ኛ ሕያው ሙታንን ማባረርና ትንሽ አስማት፤ በ5ኛ ልዩ ፈረስ፤ በ6ኛ በሽታ ማስወገድ።

አሁን ለሦስት ክመሩት። የመጀመሪያው ክምር "መንገዱ የሚሰጠው" ነው። የጥቃት ቦነሱን ፋይተር ይሰጣል። ሙታንን ማባረሩንና አስማቱን ክለሪክ ከ1ኛ ሌቭል ጀምሮ ይሰጣል። እነዚህን ከፍተኛው ክላስ እንደገና መስጠት የለበትም። ሁለተኛው ክምር "ልቡ" ነው፦ ክፉን መምታት፣ እጅ መጫን፣ ጸጋ፣ ፈረሱ። እነዚህ ከሌሉ ሰውዬው ፓላዲን አይባልም። ሦስተኛው "ቢቀርም የማይጎዳ" ነው። በሽታ ማስወገድ በየሳምንቱ አንዴ መቻል ለእኔ እዚህ ይገባል። በብዙ ዓመት ጨዋታ ሁለቴ ነው ሲጠቀሙበት ያየሁት።

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ብዙ ሰው የድሮውን ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዶ አምስት ሌቭል ወደ ላይ ይገፋውና "ጨረስኩ" ይላል። የሚወጣው ክለሪኩ የሰጠውን ሁለቴ የሚሰጥ፣ ልቡን ግን 10ኛ ሌቭል ላይ የሚያደርስ ክላስ ነው።

ደረጃ 3፦ መግቢያውን በሌቭል ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ለኩት

"10ኛ ሌቭል ላይ ይገባል" ማለት ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ወደ ቀን ቀይሩትና እዩት። የ3.5 ሕግ አንድ ቡድን ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠኑ 13 ገደማ ግጥሚያዎች ሲጨርስ አንድ ሌቭል እንዲያድግ ተደርጎ የተሠራ ነው። 6ኛ ሌቭል ለመድረስ አምስት ጊዜ ማደግ ያስፈልጋል፤ ይህ ወደ 65 ግጥሚያ ነው። በአንድ ቀን ጨዋታ 4 ግጥሚያ ብትጨርሱ 16 ጊዜ መገናኘት አለባችሁ። በየሳምንቱ የምትገናኙ ከሆነ አራት ወር። 11ኛ ሌቭል ከሆነ ስምንት ወር።

እውነቱን እንነጋገር። ስንት ቡድን ነው ስምንት ወር የሚዘልቀው? አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዷ ፈተና ይደርስባታል፣ ጨዋታው በዚያው ይቀራል።

ይህን የምለው ተቀጥቼ ስለተማርኩ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ባርድ ነበር። መግቢያውን 8ኛ ሌቭል ላይ አደረግሁት፤ ያኔ "የሚገባው ብቻ ይድረስበት" የሚል ኩራት ነበረኝ። ባርድ መሆን የፈለገው ልጅ ሮግና ዊዛርድ እየቀላቀለ፣ በሁለቱም ከጓደኞቹ እያነሰ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ታግሶ መጣ። ጨዋታው 6ኛ ሌቭል ላይ ፈረሰ። ልጁ ባርድ ሳይሆን ቀረ። እስካሁን ሲያገኘኝ ያነሳብኛል።

ከዚያ ወዲህ መግቢያዬ 6ኛ ሌቭል ነው። ቡድናችሁ ቶሎ ቶሎ የሚበተን ከሆነ 5ኛ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ቅድመ ሁኔታውን በስሌት ጻፉ

መግቢያውን የሚወስኑት ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ያታልላሉ። የጥቃት ቦነስ +5 ብትጠይቁ ፋይተር በ5ኛ ሌቭል ያሟላል። ክለሪክና ሮግ 7ኛን ይጠብቃሉ፣ ዊዛርድ 10ኛን። አንድ ቁጥር ለሦስት ሰው ሦስት የተለያየ በር ነው።

ክህሎትም እንዲሁ። አንድ ክህሎት ለክላሳችሁ የተፈቀደ ከሆነ ጣሪያው ሌቭል ሲደመር 3 ነው። ስለዚህ 8 ነጥብ መጠየቅ "5ኛ ሌቭልን ጨርስ" እንደማለት ነው። ካልተፈቀደ ግን ጣሪያው የዚያ ግማሽ ነው። ያው 8 ነጥብ 13ኛ ሌቭል ይሆናል! የሃይማኖት እውቀት 8 ነጥብ ብላችሁ ብትጽፉ ፋይተር ብቻ የሆነው ሰው ጢሙ እስኪሸብት ይጠብቃል።

ለፓላዲን እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ የጥቃት ቦነስ +4፣ ሕያው ሙታንን የማባረር ችሎታ፣ ፈረስ ግልቢያ 4 ነጥብ፣ ሕግ አክባሪና መልካም መሆን፣ እና መሐላው። ለምን +4 እንዳልኩ እዩት። ፋይተር 4 ክለሪክ 1 የሆነ ሰው (አራት ሌቭል በፋይተር፣ አንድ በክለሪክ ያደገ) 4 እና 0 አለው፤ ድምሩ 4። ፋይተር 3 ክለሪክ 2፣ 3 እና 1፤ ድምሩ 4። ፋይተር 2 ክለሪክ 3፣ 2 እና 2። ፋይተር 1 ክለሪክ 4፣ 1 እና 3። አራቱም በ5ኛ ሌቭል መጨረሻ እዚያው ናቸው፤ አራቱም በ6ኛ ይገባሉ። ክለሪክ ብቻ የሆነው አንድ ሌቭል ዘግይቶ በ7ኛ ይገባል። ፋይተር ብቻ የሆነው አይገባም፤ አንድ ቀን እንኳ አምላኩን ያላገለገለ ሰው ፓላዲን መሆኑ ለእኔ አይዋጥልኝም። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታገኙ ደስ ይላል። ወደ ጦር ያደላውም ወደ ጸሎት ያደላውም አንድ በር ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማንም የማይፈልገውን ልዩ ችሎታ እንደ ግብር አታስከፍሉ። ይህ የብዙ ፕረስቲጅ ክላሶች በሽታ ነው፤ ለመግባት ሁለት የማይረቡ ችሎታዎች ግዛ ይሏችኋል። የምትጠይቁት ነገር ከገባ በኋላም የሚሠራበት ይሁን። ግልቢያ የጠየቅኩት ኋላ ፈረስ ስለምሰጠው ነው።

አሁን ወደ መሐላው። የታሪክ ቅድመ ሁኔታ የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ስለሆነ እዚህ ላይ አትሩጡ። "ከታላቁ ካህን ቡራኬ ይቀበል" ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁልፉ በጌም ማስተሩ (ጨዋታውን በሚመራው ሰው) እጅ ነው። ጌም ማስተሩ ከረሳ፣ ወይም ካህኑ በሦስተኛው ጨዋታ ከሞተ፣ ተጫዋቹ ደጅ ሲጠና ይኖራል። "ዘንዶ ብቻውን ይግደል" ብትሉ ደግሞ ዕጣው በዳይስ እጅ ነው። ተጫዋቹ ራሱ ሊጀምረው የሚችል፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች የሚያዩት፣ አንድ ሁለት ምሽት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ፈልጉ።

የእኔ ፓላዲን ቅድመ ሁኔታ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ለራሱ የሚጠቅመውን ነገር ለአንድ ደካማ ሲል መተው አለበት፤ ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ የአስማት ዕቃ፣ ሹመት። ሁለተኛ፣ በምስክር ፊት ሦስት ነገር ቃል ይግባ፣ ሦስቱንም ራሱ ይጻፋቸው። አንዷ ተጫዋች የጻፈችው "የተማረከ ሰው በእጄ አይሞትም" የሚል ነበር። በቀጣዩ ጨዋታ ቡድኑ ለወራት ሲያሳድደው የከረመውን ሽፍታ ያዙ። ሌሎቹ ሊገድሉት ፈለጉ። እሷ በመሃል ቆመች። እንዲህ ያለውን ምሽት ከኋላ ታሪክ ወረቀት አታገኙትም።

ደረጃ 5፦ ሰንጠረዡን ሥሩ

10 ሌቭል ይበቃል። ባለ 10 ዳይስና ሙሉ የጥቃት ቦነስ ይቆዩ። ሦስት ወጥመዶች ግን አሉ።

የመጀመሪያው የመቋቋም ቦነስ (መርዝን፣ አስማትንና የመሳሰለውን ለመቋቋም ዳይሱ ላይ የሚደመረው) ነው። በ3.5 ማንኛውም ክላስ በ1ኛ ሌቭሉ ለጠንካራው መቋቋም +2 ይሰጣል። ፋይተር፣ ክለሪክና ፓላዲን ሦስቱም በሰውነት ጽናት ጠንካራ ናቸው። ፋይተር 4፣ ክለሪክ 1፣ ፓላዲን 1 የሆነው ሰው 4 እና 2 እና 2፣ በድምሩ +8 ያገኛል። በዚያው 6ኛ ሌቭል ላይ ያለ ፋይተር +5 ነው ያለው። በላዩ ላይ መለኮታዊ ጸጋ ሲጨመር ሰውዬው መርዝ ቢጠጣ የማያስነጥሰው ይሆናል። መፍትሔው በክፍልፋይ መቁጠር ነው። ጠንካራ መቋቋም በየሌቭሉ ግማሽ፣ ደካማው ሲሶ፣ +2ቷ ደግሞ አንዴ ብቻ። በዚህ ስሌት የእኛ ሰው ግማሽ ሲባዛ በ6፣ ሲደመር 2፣ ማለት +5 ይሆናል። ልክ እንደ ፋይተሩ። የጥቃት ቦነሱንም በክፍልፋይ ብትቆጥሩ ቅድም ያየናቸው አራት መንገዶች አይዛቡም፤ ሞክሩት።

ሁለተኛው ወጥመድ አስማቱ ነው። ከፍተኛው ክላስ በየሌቭሉ የክለሪኩን አስማት ቢያሳድግ ምን ይሆናል? ፋይተር 1 ክለሪክ 4 ሆኖ የገባ ሰው 15ኛ ሌቭል ላይ የ14ኛ ሌቭል ክለሪክ አስማት ይኖረዋል፣ እስከ 7ኛ ደረጃ ድረስ። የጥቃት ቦነሱ +14 ነው። ክለሪክ 15 ደግሞ 8ኛ ደረጃ አስማትና +11። ታዲያ ማን ክለሪክ ይሆናል? ስለዚህ አስማቱን በ2፣ በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ10 ብቻ አሳድጉ። ያው ሰው 15ኛ ላይ እንደ ክለሪክ 9 ይሆናል፤ 5ኛ ደረጃ አስማት። ፋይተር 4 ሆኖ የገባው እንደ ክለሪክ 6፤ 3ኛ ደረጃ። የድሮው ፓላዲን በዚያ ሌቭል ከራሱ ትንሽ ዝርዝር 4ኛ ደረጃ ስለሚያገኝ አዲሶቹ በግራና በቀኙ ናቸው። ወደ ጦር ያደላው የቀረበትን አስማት በሦስት ተጨማሪ የውጊያ ችሎታዎችና በተሻለ የሕይወት ነጥብ ያገኘዋል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። የድሮው ፓላዲን ክፉን ሲመታ በፓላዲን ሌቭሉ ልክ ጉዳት ይጨምራል። በ6ኛ ሌቭል +6 ማለት ነው። አዲሱ ሰው በ6ኛ ሌቭል የፓላዲን ሌቭሉ 1 ነው፤ ስለዚህ +1። እጅ መጫንም (ቁስል የሚፈውሰው ችሎታ) የፓላዲን ሌቭል በካሪዝማ (በግርማ ሞገስ) ቦነስ ተባዝቶ ነው። ካሪዝማው 14 ቢሆን ቦነሱ 2 ነው፤ የድሮው 12 የሕይወት ነጥብ ይፈውሳል፣ አዲሱ 2። አራት ወር ጠብቆ፣ ምሎ፣ እጁን ጭኖ ሁለት ነጥብ! ተጫዋቹ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ቢያለቅስም እንዲሁ። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለቱ ጠቅላላ ሌቭሉን ቁጠሩለት።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ 1ኛ ሌቭል ላይ ክፉን መምታትና እጅ መጫን ስጡ። ሰውዬው በገባበት ቀን ልዩነቱ ይታይ። መለኮታዊ ጸጋን ግን ወደ 3ኛ ግፉት። የካሪዝማ ቦነስን ሁሉም መቋቋም ላይ መጨመር በጣም የሚጣፍጥ ነገር ነው፤ 1ኛ ላይ ካደረጋችሁት አንድ ሌቭል ቀምሶ የሚሄድ እንግዳ ይበዛል። ድፍረቱ 2ኛ፣ ፈረሱ 4ኛ ላይ። የቀረውን እንደመሰላችሁ። የ3.5 ሕግ ሌላ ክላስ የወሰደ ፓላዲን ወደ ፓላዲንነቱ ተመልሶ እንዳያድግ ይከለክላል፤ ያን አንሱት። ሰውዬው መጀመሪያውኑ ከሌላ ክላስ ነው የመጣው።

ደረጃ 6፦ የጥበቃውን ጊዜ አታስርቡት

ፓላዲን መሆን የሚፈልግ ሰው ለአራት ወር ምንም የፓላዲን ሽታ ሳያገኝ መቆየት የለበትም። እኔ በ1ኛ ሌቭል የሚወሰድ "ዕጩ" የሚባል ልዩ ችሎታ ሠርቻለሁ። በቀን አንዴ፣ አንድ ክፉ ፍጡር ላይ ሲሰነዝር የካሪዝማ ቦነሱን በጥቃት ጥሉ ላይ ይጨምራል። የጉዳት ጭማሪ የለውም። ከፍተኛው ክላስ ውስጥ ሲገባ ይህ ችሎታ አይባክንም፤ በቀን አንድ ተጨማሪ ክፉን መምታት ይሆንለታል። በቂ ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገው ኃይሉን ያህል "መንገድ ላይ ነኝ" የሚል ምልክት ነው።

ሌላው ደግሞ በጉዞው ላይ ሐሳቡን የመቀየር መብት ነው። 5ኛ ሌቭል ላይ ደርሶ "እኔ ይሄን መሐላ አልፈልግም" የሚል ሰው አለ። ፋይተርና ክለሪክ ሆኖ መቀጠል የሚያስኬድ መሆኑን አረጋግጡ። "ዕጩ"ንም በሌላ ችሎታ ይቀይር።

ሬንጀርና ባርድ

ሬንጀር ከሁሉም ይቀላል፣ ትርፉም ትልቅ ነው። በመነሻ ክላስነቱ ትልቁ ችግሩ የተመረጠ ጠላትን (ሲዋጋው ቦነስ የሚያገኝበትን የፍጡር ዓይነት) በ1ኛ ሌቭል መምረጥ ነው። ተጫዋቹ "ጎብሊን" ይላል፤ ጌም ማስተሩ ደግሞ ያሰበው ሕያው ሙታንን ነው። ከዚያ ለወራት አንድ ጎብሊን አይታይም። መግቢያውን ወደ 6ኛ ስታመጡት ቅድመ ሁኔታው ራሱ መፍትሔ ይሆናል፦ የሚመርጠው ጠላት እስካሁን በእውነት የተዋጋው መሆን አለበት። ፋይተርና ሮግ መንገዶቹ ናቸው። ዱካ የመከተል ልዩ ችሎታን ጠይቁ፤ ማንም ሊወስደው ስለሚችል፣ ከገባ በኋላም ስለሚጠቀምበት ግብር አይባልም። የእንስሳ ጓደኛው ጥንካሬ ግን በጠቅላላ ሌቭል ግማሽ ይቆጠር፣ አለበለዚያ ተኩላው በመጀመሪያው ግጥሚያ ይሞታል።

ባርድ ሮግ ሲደመር ዊዛርድ ወይም ሶርሰረር ነው። የትርኢት ክህሎት ለሮግ የተፈቀደ ነው፣ ለሁለቱ አስማተኞች አይደለም፤ የነጥብ ስሌቱን ደረጃ 4 ላይ እንዳየነው አስሉት። አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የድሮው ባርድ ቁስል ይፈውሳል፣ ዊዛርድ ግን የፈውስ አስማት የለውም። ከፍተኛው ክላስ ጥቂት የፈውስ አስማቶችን ወደ ዝርዝሩ ካልጨመረ ያገኛችሁት ዘፋኝ ዊዛርድ እንጂ ባርድ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ወረቀት ላይ አዋጉት

ለተጫዋቾች ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ሰው ሥሩ፦ የድሮውን ፓላዲን 6፣ አዲሱን ፋይተር 4 ክለሪክ 1 ፓላዲን 1፣ እና ክለሪክ 6። ሦስቱንም በየተራ ከአንድ ትሮል ጋር፣ ቀጥሎ ከጥቂት ሕያው ሙታን ጋር አጋጥሟቸው። ዳይሱን ራሳችሁ ጣሉ፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። የድሮው ፓላዲን የጥቃት ቦነሱ +6 ስለሆነ ሁለተኛ ምት አለው። አዲሱ +5 ነው፤ ሁለተኛ ምቱን በ7ኛ ያገኛል። ይህች የአንድ ሌቭል መዘግየት ትክክለኛ ዋጋ ናት፤ በለጋስነት አታጥፏት። ከዚያ ሦስቱንም 10ኛና 15ኛ ላይ ሥሯቸው። አዲሱ 10ኛ ላይም ወደኋላ ከቀረ አንድ ነገር አጉድላችኋል፤ ብዙ ጊዜ የጉዳት ጭማሪው ነው።

ሌላ እትም ለምትጫወቱ

በአራተኛው እትም (2008) ሁሉም ሰው 11ኛ ሌቭል ላይ ፓራጎን ፓዝ (በክላሱ ላይ የሚደረብ ልዩ መንገድ) ይመርጣል፤ ክላሱን ወደዚያ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ግን የቀን መቁጠሪያውን አስታውሱ። በአምስተኛው እትም ሥራው ቀላል ነው። በ2014ቱ ብዙዎቹ ንዑስ ክላሶች በ3ኛ ሌቭል ነው የሚጀምሩት፣ በ2024ቱ ደግሞ ሁሉም። የፓላዲን መሐላም እዚያው 3ኛ ላይ ነው። ሰንጠረዥ መሥራት አያስፈልጋችሁም፤ 3ኛ ሌቭል ከመድረሱ በፊት ያለውን ጨዋታ ለመሐላው አዘጋጁ፣ ቃሉን ተጫዋቹ ይጻፈው፣ አለቀ።

በመሃል ላይ ያለ ጨዋታ ካላችሁ የተጀመረውን ፓላዲን አትንኩት፤ አዲሱ ሕግ ለሚቀጥለው ዘመቻ ነው። የአዲሱ ዘመቻ ገጸ ባሕርያት ከመሠራታቸው በፊት ደግሞ ቅድመ ሁኔታዎቹን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሁሉም ስጡ። ፈረስ ግልቢያ እንደሚያስፈልገው 5ኛ ሌቭል ላይ የሰማ ሰው ይቀየማችኋል።